ከደምበል ዳር እስከ ማዕዳችን፦ በአትክልትና በዓሣ ውስጥ ስለሚገቡ ኬሚካሎች ማወቅ ያለብን

ኦጎልቾ በአርሲ ዞን የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ከአካባቢው ውጭ የሚያውቁት ብዙዎች የስንዴ ገበሬዎች ናቸው፤ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ በስሟ «ኦጎልቾ» ተብሎ ተሰይሟልና። ከተማዋ የምትገኘው በሁለት ዓለም መካከል ነው ማለት ይቻላል። ከበስተ ምሥራቋ የጭላሎና የጋላማ ተራሮች፣ የስንዴና የገብስ ደጋ አለ። ከበስተ ምዕራቧ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚለማበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት የደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ከደጋው ተነስቶ ሐይቁ ውስጥ የሚገባው የካታር ወንዝ ነው።

ይህን የምናነሳው ለጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም። በደጋው ማሳ ላይ የተረጨ ኬሚካል ዝናብ ሲመጣ ወደ ጅረት ይወርዳል፤ ጅረቱ ወደ ካታር፣ ካታር ወደ ደምበል ይገባል። ከደምበል የወጣው ዓሣና በደምበል ውኃ የለማው ቲማቲም ደግሞ ተመልሶ በአሰላ፣ በአዳማና በአዲስ አበባ ገበያዎች አድርጎ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። በረመዷን ለሳምቡሳው የምንከትፈው ሽንኩርት፣ ለሾርባው የምንጨምረው ቲማቲም፣ ለልጆች «ለአእምሮ ጥሩ ነው» ብለን የምናቀርበው ዓሣ ከየት እንደመጣና ምን ይዞ እንደመጣ መጠየቅ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በአካባቢውና በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ምን እንዳሳዩ፣ ጉዳቱ በምን መንገድ እንደሚመጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወጥ ቤታችንና በማሳችን ምን ማድረግ እንደምንችል በቀላሉ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓላማችን ማስደንገጥ አይደለም። አትክልትና ዓሣ መብላት አቁሙ ልንልም አይደለም። የጥናቶች ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኬሚካሉ ወደ አርሲ እንዴት ገባ?

አርሲ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ግብዓት ቀድሞ ከገባባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመውና በተለምዶ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮግራም ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን ከአነስተኛ ገበሬው ጋር አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ በስንዴ ማሳ ላይ የሚበቅለውን አረም ለማጥፋት «ቱፎርዲ» የተለመደ ስም ሆነ። የስንዴ ዋግ በከፋባቸው ዓመታት ደግሞ ጸረ ፈንገስ መርጨት ግድ ሆኗል። ይህ ሁሉ ምርት አሳድጓል፤ ብዙ ቤተሰብንም ከረሃብ አድኗል። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

በሐይቁ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ግን ከደጋው የተለየ ነው። የመስኖ አትክልት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመረታል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ተባይና በሽታ አያርፍም። ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም አጥፊ የእሳት ራት በ2012 አገራችን መግባቷ ከታወቀ በኋላ ደግሞ የገበሬው ጭንቀት ጨመረ። ለአንድ ማሳ ዘር፣ ማዳበሪያና የውኃ መሳቢያ ነዳጅ ተበድሮ ያወጣ ሰው፣ ቅጠሉ ሲቃጠል ካየ እጁ ላይ ያገኘውን ሁሉ መርጨቱ አይገርምም።

ዋገኒንገን በተባለው የኔዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ፣ ማለትም በዚሁ በዝዋይ አካባቢ፣ ያሉ አነስተኛ የአትክልት ገበሬዎችን አሠራር ተመልክቷል። ያገኘው ነገር ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም፦ ከተመከረው መጠን ውጭ መርጨት፣ ያለ መከላከያ ልብስ መሥራት፣ ኬሚካልን አመቺ ባልሆነ ቦታ ማስቀመጥ፣ ባዶ ዕቃን እንደነገሩ መጣል። ብዙ ገበሬ ምክር የሚያገኘው ከግብርና ባለሙያ ሳይሆን ከሚሸጥለት ነጋዴ ወይም ከጎረቤቱ ነው።

ከደምበል ዓሣ ምን ተገኘ?

የደምበል ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ በአማካይ ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደለልና ከደለል ጋር የሚመጣውን ነገር በቀላሉ ይይዛል፤ ነፋስ ሲነሳም ከሥር ያለውን መልሶ ያማስለዋል።

በ2014 በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ከዚህ ሐይቅ በተያዙ ቆሮሶና አምባዛን በመሳሰሉ አራት የዓሣ ዓይነቶች ሥጋ ውስጥ ያለውን የቆየ ጸረ ተባይ ቅሪት መርምረው አሳትመዋል። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተገኘው ዲዲቲና የእርሱ ስባሪ የሆነው ዲዲኢ ነበር። ውጤቱን ስናነብ ሁለቱንም ወገን ማየት አለብን። በአንድ በኩል፣ አንድ ሰው በቀን ከዓሣ የሚያገኘው መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተቀመጠው የዕለት ገደብ በታች ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል፣ ይህንኑ ዓሣ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የሚበላ ሰው ላይ የሚኖረው የካንሰር ሥጋት ሲሰላ አሳሳቢ ነው ከሚባለው መስመር አልፏል።

ይህ ማለት አልፎ አልፎ ዓሣ የሚበላ የአሰላ ወይም የአዲስ አበባ ነዋሪ መደንገጥ የለበትም ማለት ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚመለከተው ሐይቁ ዳር የሚኖረውንና ዓሣ የዕለት ምግቡ የሆነውን ቤተሰብ ነው።

ዲዲቲ ለምን አይለቀንም?

ዲዲቲ በአገራችን ለአሥርተ ዓመታት የወባ ትንኝን ለመከላከል በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሯል። በስምጥ ሸለቆ ቆላ ያደገ ሰው የረጪዎቹን መምጣት ያስታውሳል። ትንኟ ስለተላመደችው ለወባ ርጭት መጠቀም ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለአትክልትና ለሰብል ደግሞ መጠቀም ክልክል ነው። በ2001 የጸደቀውና ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን በዓለም ላይ እንዲገደቡ ከወሰናቸው ኬሚካሎች መካከል አስቀምጦታል፤ የፈቀደው በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ነው። ሆኖም ለወባ የመጣው ዲዲቲ ከመጋዘን እየወጣ ወደ ማሳ ይሄድ እንደነበር ይታወቃል።

ታዲያ ርጭቱ ከቆመ ለምን ይገኛል? ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ያለችው ኢምንት መጠን በጥቃቅን የውኃ ዕፅዋት ላይ ትለጠፋለች። እነርሱን ጥቃቅን ነፍሳት ይበሏቸዋል፤ ነፍሳቱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቅ ዓሣ ይበላዋል። በየደረጃው መርዙ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከሁሉም መጨረሻ ላይ ያለው ሰውና ዓሣ በል ወፍ ነው። አምባዛን የመሰለ ሌላ ዓሣ የሚበላና ከሐይቁ ሥር የሚመገብ ዓሣ ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ሊያጠራቅም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰው አካል ውስጥም እንዲሁ በስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ጅማ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መኖሩን አሳይቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር፦ ይህ እናቶች ጡት ማጥባት ያቁሙ ማለት አይደለም። የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ሥጋት እጅግ ይበልጣል። የጥናቱ መልእክት መርዙ ወደ እናቲቱ እንዳይገባ አስቀድመን እንጠንቀቅ የሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ዲዲቲን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑ የሚገመት» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። በእህል ጎተራ የሚረጨው ማላታዮንም በዚያው ዓመት በዚያው ምድብ ገብቷል። ቱፎርዲ ከእነርሱ ዝቅ ባለ፣ ማስረጃው ደካማ በሆነበት ምድብ ይገኛል።

አትክልቱስ?

በአትክልት ላይ ያለው ዋና ሥጋት ከዲዲቲ የተለየ ነው። ዛሬ በቲማቲም፣ በጥቅል ጎመን፣ በቃሪያና በሽንኩርት ላይ የሚረጩት ኬሚካሎች አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚበሰብሱ ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኬሚካል ዕቃ ላይ «ከርጭት በኋላ ይህን ያህል ቀን ሳይሞላ ምርቱ አይሰብሰብ» የሚል ትእዛዝ ይጻፋል። ይህ ቀን ከተጠበቀ፣ ምርቱ ገበያ ሲደርስ ቅሪቱ ከገደቡ በታች ይሆናል። ካልተጠበቀ፣ ማታ ተረጭቶ ጠዋት የተለቀመ ቲማቲም ኬሚካሉን ሙሉ በሙሉ ይዞ ይመጣል።

ቀኑ የማይጠበቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ቲማቲም አይቆይም። የጭነት መኪናው የመጣ ቀን መሸጥ ግድ ነው፤ ገዢውም ነጠብጣብ የሌለበት፣ የሚያብረቀርቅ ቲማቲም ይፈልጋል። እኛም በገበያ ላይ ትል የነካውን ጎመን ወደ ጎን ገፍተን የተወለወለውን ስንመርጥ ገበሬውን ወደ ርጭት እየገፋነው መሆኑን ልብ አንልም።

ሌላው የቅጠላ ቅጠል ጉዳይ ነው። ቆስጣና ሰላጣ ከአፈርና ከውኃ እርሳስን፣ ካድሚየምንና ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን ከሌላው አትክልት ይልቅ ይመጥጣሉ። በ2002 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ በተበከለ የወንዝ ውኃ በሚለሙ ማሳዎች ላይ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣን መርምሮ አንዳንዶቹ ብረቶች ከሚፈቀደው በላይ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ከሦስቱ አነስተኛ ያጠራቀመው ጥቅል ጎመን ነበር። እነዚህ ብረቶች በቅጠሉ ውስጥ ስለሆኑ በማጠብ አይለቁም። ከቅጠሉ ላይ የሚለቀው አፈሩና አቧራው ነው።

በዓሣም በኩል ከብረቶች ሁሉ የሚያሳስበው ሜርኩሪ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በ2006 የታተመ ጥናት ቢልጫ በሚባለው ዓሣ ላይ፣ ሌላ ዓሣ እየበላ ያደገው ትልቁ ከትንሹ ይልቅ ብዙ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳይቷል። ሜርኩሪ እንደ ዲዲቲ በስብ ውስጥ ሳይሆን በሥጋው ውስጥ ስለሚቀመጥ ቆዳና ስብ በማውጣት አይቀንስም። መፍትሔው ትልቁን አዳኝ ዓሣ አለማዘውተር ነው።

ስለ ጫትም አንድ ቃል

ስለ ጫት ብዙ ሲባልና ሲጻፍ ቆይቷል። እኛ እዚህ የምናነሳው የኬሚካሉን ነገር ብቻ ነው። ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ፣ ቅጠሉ እንዳለ ለሰዓታት በአፍ ውስጥ ይቆያል። ከተረጨ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሊቆረጥ ይችላል። በ2011 የታተመና ከተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰበ ስንዴና ጫትን የመረመረ ጥናት በጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ኬሚካልን በቀጥታ ወደ ሰውነት የሚያስገባ አንዱ መንገድ ይህ ነው ብንል አላጋነንንም። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ከሌላው ምክንያት ሁሉ በተጨማሪ ለዚህም ብላ ልትርቀው ይገባል።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ፈጣኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በበላተኛው ላይ ሳይሆን በረጪው ላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ትንፋሽ ማጠር የነርቭ ሥርዓትን የሚያጠቁ ጸረ ተባዮች ምልክቶች ናቸው። ብዙ ወጣት ረጪ ይህን «ፀሐይ መታኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ዘገምተኛው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚገባ ኬሚካል ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቀመጣል። እርሳስ የልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። አንዳንድ ጸረ ተባዮች የሆርሞንን ሥራ ያዛባሉ።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን ዘገምተኛ ጉዳት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ያጎብጣል። ውኃው ሲጠጣ ንጹሕ ነው፤ ይጥማል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። የኬሚካል ቅሪትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ጥርስ ላይ እድፍ ከውጭ አለመታየቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ልጆች ናቸው። ቀላል ስሌት እንውሰድ። 60 ኪሎ የሚመዝን አባትና 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እኩል አንድ አንድ ቲማቲም ቢበሉ፣ ልጁ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የሚደርሰው መጠን ከአባቱ አምስት እጥፍ ነው። በማኅፀን ያለ ጽንስ ደግሞ ከዚህም በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መብላት አይቀነስ። አትክልት የማይበላ ሰው በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የሚደርስበት ጉዳት ከቅሪቱ ሥጋት የበለጠ ነው። ማድረግ የሚቻለው ቅሪቱን መቀነስ ነው።

በሚፈስ ውኃ እያሹ ማጠብ። በሳህን ውስጥ ከመዘፍዘፍ ይልቅ የሚፈስ ውኃ ይሻላል። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያፈሰሱ በእጅ ማሸት ይቻላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ፍራፍሬ ከመከተፋቸው በፊት ይታጠቡ፤ ከተከተፉ በኋላ ሲታጠቡ ከላይ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል።

በቤኪንግ ሶዳ መዘፍዘፍ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ2017 በፖም ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም (ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል) ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ የተሞከሩትን ሁለት ጸረ ተባዮች ከላዩ ላይ እንዳስለቀቀ አሳይቷል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጨውና አቼቶም በመጠኑ ይረዳሉ። ነገር ግን በላርጎ ወይም በልብስ ሳሙና አትክልት ማጠብ፣ ወይም በረኪና እንደነገሩ መጨመር ሌላ ኬሚካል መጨመር ነው።

መላጥና የውጭውን ቅጠል መጣል። የጥቅል ጎመን የላይኛው ሁለት ሦስት ቅጠል፣ የካሮትና የድንች ልጣጭ ይነሣ። መቀቀልም ብዙውን ቅሪት ይቀንሳል።

ማጠብ ሁሉን አያስለቅቅም። አንዳንድ ጸረ ተባዮች በተክሉ ሥርና ቅጠል ገብተው በውስጡ የሚዘዋወሩ ናቸው። እነዚህን በዋናነት የሚቀንሳቸው ገበሬው የሚጠብቀው ቀን ነው። ስለዚህ ዓይነቱን ማፈራረቅ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አለመግዛት ጥሩ ነው። በጓሮ ጥቂት ቆስጣና ሀበሻ ጎመን መትከል የሚችል ሰው ደግሞ የሚበላውን ያውቃል።

ዓሣን በተመለከተ፦ ትናንሽና መካከለኛ ቆሮሶ ይመረጥ። ሆድ ዕቃው በሙሉ ይውጣ፤ ቆዳውና ከሆዱ በኩል ያለው ስብ ይነሣ። በስብ የሚቀመጡት መርዞች የሚከማቹት እዚያ ነውና። ስቡ እንዲንጠባጠብ አድርጎ መጥበስ ከጭንቅላትና ከቆዳ ጋር ቀቅሎ ሾርባውን ከመጠጣት ይሻላል። ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ተመልሶ ለሌላ ምግብ አይዋል። ለነፍሰ ጡርና ለትናንሽ ልጆች ዓሣ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ ትልቁን አምባዛና ቢልጫ ግን በየቀኑ አናቅርብላቸው።

ማሳ ላይና ቤት ውስጥ

ለገበሬ ወንድሞቻችን የምንለው አጭር ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈውን የመሰብሰቢያ ቀን ጠብቁ። ማንበብ የማይችል አባት ልጁን ያስነብብ፤ ካልሆነም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ሁለትና ሦስት ኬሚካል በአንድ መርጫ ደባልቆ መርጨት ተባዩን አያስፈራውም፤ የሚያተርፈው ወጪና መርዝ ነው። ረጅም እጅጌ፣ ቦቲ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳይደረግ፣ ከነፋስ ፊት ለፊትም ቆሞ አይረጭ። መርጫው በወንዝ ወይም በሐይቅ ውስጥ አይታጠብ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከተረጨ ማሳ ይራቁ።

የኬሚካል ጀሪካን ነገር ብቻውን ሊነገርለት ይገባል። በየገጠሩ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ ለመጠጥ ውኃ፣ ለወተት፣ ለዘይት ይውላል። በጀሪካኑ ግድግዳ ላይ የቀረው ኬሚካል ግን አሥር ጊዜ ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በእርሱ ለውዱእ የተቀዳው ውኃ ፊታችንንና አፋችንን የምንታጠብበት፣ የምንጉመጠመጥበት መሆኑን እናስብ። ባዶ የኬሚካል ዕቃ ተበስቶ መወገድ እንጂ ወደ ቤት መግባት የለበትም።

የነቀዝ ክኒን የሚባለው ከሁሉ የከፋ ነው። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሽታው እስኪታወቅ የማይጠብቅ ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ማርከሻም የለውም። ክኒኑ የገባበት እህል ባለበት ቤት ሰው አይተኛ።

አንድ ሰው በኬሚካል ተመርዞ ከተጠረጠረ ልብሱ ይውለቅ፤ ገላው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብ። እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ወተት «ያረክሰዋል» ተብሎ አይሰጠው። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የኬሚካሉ ዕቃ ወይም መለያው አብሮ ይያዝ። ሐኪሙ ማርከሻውን የሚመርጠው በስሙ ነው።

ሕጉና አማናው

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ጸረ ተባይ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል። አዋጅ አለ፤ የጎደለው በየገበያው ናሙና እየወሰደ የሚመረምር ላብራቶሪና ተከታታይ ቁጥጥር ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ይመረመራል። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከገደብ በላይ የጸረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢውን ስታቆም መላው አገር ተንቀሳቅሶ ምክንያቱን ፈልጓል፤ ጥርጣሬውም በቡናው ከረጢት ላይ አርፏል። ለጃፓኑ ጠጪ የተደረገው ጥንቃቄ ለአሰላና ለኦጎልቾ ልጅም ሊደረግ ይገባል። ይህን መጠየቅ የዜጋ መብት ነው።

ሕግ ባልደረሰበት ቦታ ግን አማና አለ። ዓሣ መታረድ ሳያስፈልገው ሐላል የተደረገልን ጸጋ ነው። ቁርኣን የሚያዘን ግን ሐላል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ጦይብ፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ የሆነውንም ጭምር እንድንበላ ነው። ነቢያችን ﷺ በገበያ ውስጥ የእህል ክምር ላይ እጃቸውን አስገብተው እርጥበቱን ባገኙ ጊዜ ሻጩን እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው እንዲያሳይ እንደነገሩትና ማታለልን አጥብቀው እንደኮነኑ ሁላችንም ሰምተናል። በማታ ርጭት የረጠበ ቲማቲም ጠዋት ተወልውሎ ሲሸጥ ከዚያ የእህል ክምር በምን ይለያል? እርጥበቱን እጅ ይነካዋል፤ ይህኛውን ግን ገዢው በምንም አያገኘውም። የሚያውቀው የረጨው ሰው ብቻ ነው።

ኢማሞቻችንና የመስጂድ ኮሚቴዎች በኹጥባና በደርስ መካከል ይህን ቢያነሱ፣ የግብርና ባለሙያ ጋብዘው ለገበሬው ቢያስረዱ፣ ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሠራል። ገበሬው የሚሰማው የሚያምነውን ሰው ነው።

ከኦጎልቾ ከፍታ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ደምበልን ያያል። በደጋው ያለው ስንዴ ዘሪ፣ በዳርቻው ያለው ቲማቲም አልሚ፣ በጀልባው ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅና በከተማ ያለችው እናት ሁሉም ከዚህ ሐይቅ ይበላሉ። አንዱ የሚጥለውን ሌላው ይጎርሰዋል። ዛሬ ማታ አትክልቱን ከመክተፋችን በፊት በሚፈስ ውኃ እንጠበው፤ ገበያ ላይም ትል የነካውን ጎመን ከመግፋታችን በፊት አንድ ጊዜ እናስብ። አላህ ሐላልና ጦይብ የሆነውን ይመግበን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን።